የሐጂ ዶዘር እንዴት አደረ?

አቀስታ ውስጥ ከአጎቴ ዶዘር የበለጠ ጠያቂ ያለው በሽተኛ የለም። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው አጎቴን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው፣ «ሐጂ፣ እንዴት አደሩ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱ ደህና ነው?» ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱስ?» ብሎ ይጨምራል። አጎቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ይሻለዋል» ካሉ ሞተሩ ተነሥቷል፣ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «አላህ ያውቃል» ካሉ ሞተሩም አልተነሣም። «ሥራ ሄዷል» የሚል መልስ የተሰማ ቀን ጠያቂው የራሱ ዱዓ የሰመረ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ለዚያ ዶዘር ዱዓ ያላደረገ፣ ሙቅ ውሃ ያላቀበለ ወይም ምክር ያልሰጠ አዋቂ ሰው በከተማችን ማግኘት ያስቸግራል። ምክር ሰጪው ከሁሉም ይበዛል።

ማሽኑ የተገዛው በጨረታ ነው። «ያገለገለ ማሽነሪ፣ ባለበት ሁኔታ» የሚለውን ማስታወቂያ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ፊደል ቆጥሯል ተብዬ የዶዘሩ ጸሐፊ የሆንኩትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። አጎቴ ብሩን በሲፒኦ አስያዙ። የተወዳደራቸው አንድ የቁራጭ ብረት ነጋዴ ብቻ ነበር፤ እሱም ዶዘሩን ያሰበው በኪሎ ነው። አሸነፉት። ሊረከቡ ሲሄዱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ የግቢው ዘበኛ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ዘበኛው፣ ዶሮዋ በጨረታው ሰነድ ላይ ስላልተጠቀሰች ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ማሽኑ አይነቃነቅም ብሎ ድርቅ አለ። አጎቴ ያለ ክርክር ተስማሙ። ዘመድ አዝማድ ይህን የዋህነት ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያማቸዋል። ለሎቤድ ኪራይ የሚሆነው ብር ያን ጊዜ ገና አልሞላም ነበር፤ ዶሮዋ ደረሰችላቸው እንጂ አላዘገየቻቸውም።

ዶዘሩ ዲ8 ነው፤ ከነአካፋው ከ20 ቶን በላይ ይመዝናል። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ካቋቋመ ወዲህ ባለ ሰንሰለት ማሽን በየተራራችን ሲጓዝ ማየት እየተለመደ ሄደ። አለምገና ላይ ማሰልጠኛ ተከፍቶም ኦፕሬተርና መካኒክ ይወጣበት ጀመር። የእኛ መካኒክ በደርግ ጊዜ ከዚያ የተመረቁ ሰው ናቸው። ከተማው «አያ ሞተር» ይላቸዋል፤ በስማቸው የሚጠራቸው የቀበሌው መዝገብ ብቻ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በዚያች ሰዓት በአጠገባቸው የሚያወራ ሰው ካለ አጎቴ በከዘራ ያባርሩታል።

እኔ ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ማንዋል አስመጥቼ ነበር። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። «ሞተሩ የሚፈታው ከአቧራ ነጻ በሆነ፣ ወለሉ በተወለወለ ክፍል ውስጥ ነው» ስል አያ ሞተር የቆሙበትን ጭቃ አይተው «ቀጥል» አሉ። «ግሪስ በየ10 ሰዓቱ።» «ቀጥል።» «ይህ ብልሽት ከገጠመዎ በአቅራቢያዎ ያለውን ወኪል ያማክሩ።» እዚህ ላይ ከት ብለው ሳቁ። «በአቅራቢያችሁ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አማክሩኝ እንጂ!»

የተወለወለ ክፍል ስለሌለን ሞተሩ የተፈታው በእድር ድንኳን ሥር ነው። ቀን ዝናብ፣ ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቅበት ደጋ ሞተር ከፍቶ ሜዳ ላይ መተው አይሆንም። አጎቴ አባል በመሆናቸው ድንኳን ጠየቁ። የእድሩ ዳኛ መዝገቡን ገልብጠው፣ «ለሐዘን፣ ለሰርግና ለሰደቃ ይላል፤ ለዶዘር የሚል የለም» አሉ። አጎቴም «እንግዲያው ለሐዘን ብለው ይመዝግቡልኝ» አሉ፤ ተመዘገበ። ቴስታታው ወርዶ፣ ቫልቮላዎቹ በየተራቸው ጣውላ ላይ ተደርድረው፣ ፒስተኖቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ሳለ ጎረቤት ሰው ሞተ። ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሐዘንተኞቹ ሄደ። ዶዘሩ በሸራና አክስቴ እያጉረመረሙ በሰጡት ባና ተሸፈነ። ለቀስተኛው ከሐዘን ቤት ሲወጣ በዚያው ወደ እኛ ጎራ እያለ፣ ሸራውን ገለጥ አድርጎ እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። አንዱማ ልማድ ሆኖበት «አላህ ያጽናችሁ» ብሎን ሄደ። አጎቴም «አሚን» አሉ፤ ምን ይበሉ?

ሞተሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ የመጣው ጣጣ ብርዱ ነው። አቀስታ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ ያለፈ መንገደኛ ስለ ነፋሱ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ከኅዳር እስከ ጥር ሣሩ በውርጭ ነጭቶ የሚያነጋበት ቀን ብዙ ነው። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን የውርጭ መድኃኒት እዚህ የሚሸጥ ስለሌለ ውሃው ማታ ማታ ይፈሳል፤ ካልሆነ ረግቶ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቀዋል። ጠዋት ሙቅ ውሃ የምታቀርብልን ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ያላት እትዬ ናት። በትልቁ ድስት ታፈላውና ሂሳቡን በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፋለች፤ አርዕስቱ «የዶዘር ሻይ» ይላል። ከናፍጣ ቀጥሎ ትልቁ የየዕለት ወጪያችን እሱ ነው።

የጥንቱ ዲ8 እንደ ዛሬ መኪና ቁልፍ ተጠምዝዞ የሚነሣ አይደለም። ጎኑ ላይ ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለችው፤ መጀመሪያ እሷ ትነሣለች፣ ከዚያ ትልቁን ታስነሣዋለች። አያ ሞተር «ውርንጭላዋ» ይሏታል። ይህን ያሰቡ መሐንዲሶች ብርድ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የሁለቱ ሞተሮች ማቀዝቀዣ ውሃ አንድ ስለሆነ ትንሿ ስትሠራ ትልቁን ታሞቀዋለች፤ ጭሷም ትልቁ አየር የሚስብበትን ቱቦ አሙቆት ነው የሚወጣው። ያላሰቡት አቀስታን ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ውርንጭላዋ ቤንዚኑን እንደ ቆላ ትጠጣና የምታቃጥልበት አየር ያጥራታል። ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች። አያ ሞተር ካንዴላውን አውልቀው፣ በሽቦ ቡሩሽ ፈትገው፣ እሳት ላይ አሙቀው ይመልሱታል። ጠያቂው ዙሪያውን ቆሞ «አየር ይስጧት»፣ «አየር ይንሷት» እያለ ይከራከራል።

ስትነሣ ግን ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል። ትንሽ ትሠራና አያ ሞተር በማርሽ ከትልቁ ጋር ያገናኟታል። የትልቁን ሞተር ትንፋሽ የሚያስለቅቀውን ዘንግ ከፍተው መጀመሪያ በባዶው ያሽከረክሩታል፤ የዘይቱ ግፊት ሲወጣ ዘንጉን ይመልሱና ናፍጣ ይለቃሉ። ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ሽማግሌዎቹ እየሳሉ «ማሻ አላህ» ይላሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ጠዋት በብርድ ያለቀስንለት ማሽን ቀትር ላይ ፈላ ብለን እንጮህለታለን። የእትዬ ባቄላ ሳይበስል የሚውለውም በዚሁ ጠንቅ ነው፤ እሷ ግን ጥፋቱን የምትጥለው በዶዘሩ ላይ ነው፤ እሳቷን ተሻምቶባታል።

ከሞተሩ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ሰንሰለቱ ነው። ሰው ዶዘርን በጉልበቱ ይፈራዋል እንጂ እርምጃው ቀላል ነው። ክብደቱ በሰንሰለቱ ጫማዎች ላይ ስለሚከፋፈል በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር መሬት ላይ የሚያሳርፈው ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ ከቆመ ሰው እግር ብዙም አይርቅም። በክረምት አይሱዙው እስከ ሆዱ በሚሰምጥበት ዋልካ ላይ የእኛ ሽማግሌ እየተንቀረፈፈ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ሰንሰለት ለጭቃ መድኃኒት መሆኑም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ቤንጃሚን ሆልት የሚባል የካሊፎርኒያ ማሽን ሠሪ፣ ፈረሱም የእንፋሎት ትራክተሩም የሚሰምጡበት የእርሻ መሬት ቢያስቸግረው የኋላ ጎማዎቹን አውልቆ በሰንሰለት ተካቸው። የእሱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተፎካካሪው ጋር ተዋሕዶ ነው ካታፒላር የሆነው። ሰንሰለት ለበረዶም ያገለግላል። ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው ገበሬ በሚያርስባቸው የፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ ሰንሰለት አስገጥሞ ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ዋልታውም፣ በረዶውም፣ ሰውየውም አልገረማቸው። «ነዳጅ ማን አደረሰለት?» ብቻ አሉ። የባለቤት ጥያቄ ነው፤ ሰውየውም የደረሰው ነዳጁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሰንሰለት ሲወጠር ፒኑንና ቡሹን ይበላል፤ ሲላላ ከቦታው ይወጣል። ማንዋሉ ልልነቱ ኢንች ተኩል ገደማ ይሁን ይላል፤ አያ ሞተር በሦስት ጣት ይለኩታል። የሚያጣላን ግን ዋልካው ነው። በሮለሮቹ መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና ትክክል የነበረውን ሰንሰለት ያከረዋል። ረዳቱ ማታ በአካፋ ካላጸዳው ሌሊት ውርጭ ያገኘዋል፤ በማግስቱ ሞተሩ እያጓራ ሰንሰለቱ አልንቀሳቀስም ይላል። ስለዚህ ዶዘሩ የሚያድረው በባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ ነው። ፒንና ቡሽ በአንድ ጎናቸው ሲያልቁ ገልብጦ ሌላውን ጎን ማስበላት ይቻላል፤ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ለዚህ ግን ትልቅ ፕሬስ ያስፈልጋል። ሰንሰለቱን በአይሱዙ ጭነን ወደ ኮምቦልቻ ስንወስድ የደሴ ተራፊክ አቁሞ «ዶዘሩስ?» አለን። ወሬው እዚያም ደርሷል ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ የጠየቀው ሰንሰለቱ ከየት እንደተነቀለ ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ብረት ሰንሰለት አስፋልት ስለሚቀድ ዶዘር አስፋልት አይረግጥም። ተራራ ቆርጦ፣ ድንጋይ ገፍቶ መንገድ የሚያወጣው እሱ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ሲለብስ ግን መጀመሪያ የሚከለከለው እሱው ነው። መሻገር ግድ ሲሆን ያረጁ ጎማዎች ይነጠፉለታል። ወጣቶች ያለፈበትን ጎማ ከኋላ እያነሡ ከፊት ያነጥፋሉ፤ ዶዘሩ ሙሽራ ይመስል በእርጋታ ይራመዳል። በሁለቱም አቅጣጫ የቆመው ሚኒባስ ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል። ማደያ ሄዶ መሰለፍም አይችልም። ናፍጣ በበርሜል ለመቅዳት ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንድ ቢሮ ውስጥ ያገኘሁት ሠራተኛ «ተሽከርካሪው ራሱ ለምን አይመጣም?» አለኝ። ቢመጣ የመሥሪያ ቤቱን በር እንደሚያፈርስ በትሕትና አስረዳሁት፤ ደብዳቤውን ጻፈልኝ።

አገራችን ከባድ ብረት ሲያይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከእኛ በስተሰሜን መቅደላ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በገደልና በሸለቆ መንገድ እያስቆረጡ በሰው ጉልበት አስጎትተው ስድስት ወር ገደማ ፈጅተው አደረሱት። ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉ ዛሬም እዚያው ነው። አንድ ምሽት ይህ ተነሥቶ፣ ከእኛ አንዱ «አንድ ዲ8 ቢኖራቸው በሳምንት ያደርሱት ነበር» አለ። አያ ሞተር ቡናቸውን አስቀምጠው፣ «ውርንጭላዋን ማን ያስነሣላቸዋል?» አሉ። ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ።

ዶዘሩ ሃይማኖቱም እንደ ወሎ ነው። አጎቴ ዓርብ ለጁምዓ ይሄዳሉ፣ አያ ሞተር እሑድ ያስቀድሳሉ፤ በወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን ያከብራሉ፤ በረመዳን ኦፕሬተሩ ከቀትር በኋላ አቅም የለውም፤ በሁዳዴ አያ ሞተር ይደክማቸዋል። ማሽኑ ሁሉንም ያከብራል፤ ከከተማው ሰው ሁሉ እሱ ሳይበልጥ አይቀርም። የመጀመሪያው ሥራ፣ ክረምት የበላውን የአንድ ቀበሌ መንገድ መጠገን፣ ሲገኝለት ወዳጃ ተደረገ። ጭሱ ጨሰ፣ ቡናው ተፈላ፣ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘርግተው «ዘይትህ አይፍሰስ፣ ሰንሰለትህ አይበጠስ፣ ከዓይን ያውጣህ» ብለው መረቁት። አያ ሞተር ራቅ ብለው ቆመው አሚን ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ያም ሆኖ ቀድመው ግሪሱን ጨምረዋል።

አዲስ ማሽን አይሻልም ወይ የሚለኝ አለ። ይሻላል እንጂ! የእኛው በሰዓት የሚጠጣውን ናፍጣ ያየ ሰው አሮጌ ጥሩ ነው አይልም። ግን አምና በዚሁ መስመር አንድ አዲስ ዶዘር ተራራ ላይ ቆመ። መስኮቱ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ ሌላ ነገሩ ሁሉ ደህና ነው። ከአዲስ አበባ ላፕቶፕ የያዘ ልጅ እስኪመጣ ኦፕሬተሩ እዚያው ድንኳን ተክሎ ሰነበተ። አያ ሞተር ሊያዩት ሄደው፣ ካቻቢቴያቸውን ተክለው አዳምጠው ተመለሱ። «ምንም አላመመውም፤ ተቀይሞ ነው» አሉ።

የአጎቴ የበኩር ልጅ ካናዳ፣ ካልጋሪ አካባቢ ባለ የበረዶ ተራራ ላይ የባለ ሰንሰለት መኪናዎች መካኒክ ሆኗል። አንድ ቀን በስልክ ቪዲዮ ሥራውን አሳያቸው።

«አሁን ይሄ በረዶውን ሊጠርግ ነው?» አሉ አጎቴ።

«አይ አባዬ፣ አይጠርገውም። ያስተካክለዋል።»

«ለምን?»

«ሰው እንዲንሸራተትበት።»

«ተንሸራቶ ሊወድቅ?»

«ከፍሎ ነው፣ አባዬ።»

አጎቴ ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ እያዞሩ፣ «ጉጉፍቱ ላይ ስንቱ በነጻ ሲወድቅ ኖረ!» አሉ።

ልጁ ከደመወዝ ሥራው ሌላ፣ ተራራ ላይ ወዳሉ የሬዲዮ ማማዎች ጠጋኞችን የሚያመላልስበት አንድ አሮጌ የበረዶ መኪና ገዝቶ ያድሳል። ዕድሜው ከእኛው ጋር ይቀራረባል። የእሱ ሰንሰለት የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ በላዩ የብረት አግዳሚ አለው፤ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ ላይ ይሄዳል። ማታ ማታ ከበረዶው ጋር እንዳይጣበቅ በጣውላ ላይ እንደሚያሳድረው ሲናገር አጎቴ «አባቱን አይቶ ነው» አሉ፤ ልጁ ግን ከአገር የወጣው ዶዘሩ ሳይገዛ ነው። ባለፈው ደውሎ መኪናው ቀጥ ብሎ አልሄድም ብሎ ወደ ግራ እየጎተተ እንዳስቸገረው ነገረን። አያ ሞተር ስልኩን ተቀበሉ። ሞተሩን አስነሥቶ እንዲነዳውና እንዲያሰማቸው አዘዙት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብዙ አዳመጡ። አጎቴ ከዘራቸውን አነሡ፤ ጠያቂው ሁሉ ጸጥ አለ።

«ሁለቱን ሰንሰለት እኩል ወጥረሃቸዋል?» አሉት።

«እኩል ናቸው፣ አያ።»

«በዓይንህ ነው በጣትህ?»

በበነጋው ደወለ። የግራው ከቀኙ ይበልጥ ተወጥሮ ኖሯል፤ ሲያላላው ቀጥ ብሎ ሄደ። አጎቴ ስልኩን ነጥቀው፣ «እንግዲህ አያ ሞተር የሙያ አላቸው» አሉት። ልጁ ሳቀ። «አልቀለድኩም» አሉት። ስንት እንደሚልክ ሲጠይቅ አያ ሞተር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ማዶው ሻይ ቤት ግድግዳ አዩ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ከሰሏን እንደያዘች ተሻግራ መጣችና የካናዳ ዶላር ዛሬ ስንት እንደዋለ ጠየቀችኝ።